የአቡጄዲ ኮርኒስ ሌላኛው ጫፍ

ሥራ የጀመርኩ ዕለት ካቦው አቶ በየነ የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር። «መስፋት ትችያለሽ?» አሉኝ። እችላለሁ አልኩ። ባዶ ሳሎን ውስጥ አስገቡኝና የጣውላው ወለል ላይ የተዘረጋውን አቡጄዲ አሳዩኝ። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ነጭ ነበር። ልጄን ከጀርባዬ አውርጄ ጥግ ላይ አስተኛኋት። አማተብኩና ተቀመጥኩ።

ከጨርቁ ማዶ አንዲት ሴት ትሰፋለች። ጫልቱ ትባላለች፤ ከእንጦጦ ጀርባ ካለ መንደር በየቀኑ በእግሯ የምትወርድ ነበረች። ከየጫፋችን እየሰፋን መጥተን መሐል ላይ ተገናኘን። ስፌቴን በጥፍሯ ሳብ አድርጋ ፈተነችው። «ይሄ ልጅሽን ያሳድጋል» አለችኝ። አሳደገልኝም። እግዚአብሔር ይመስገን።

በጃንሆይ ጊዜ ከተሠሩት የየካ ቤቶች ብዙዎቹ ኮርኒሳቸው ጨርቅ ነው። አቡጄዲው ተጋጥሞ ይሰፋል። ከግድግዳው አናት ላይ በተመታ ቀጭን እንጨት ላይ እየተወጠረ በምስማር ይያዛል። ከዚያ ቀጠን ያለ የዱቄት ሙጫ ይቀባል፤ ሲደርቅ ተሰብስቦ እንደ ከበሮ ይጠብቃል። በላዩ ኖራ ይደረብበታል። አይቶ የማያውቅ ሰው ልስን ይመስለዋል።

ሙያው ያለው ወጠራው ላይ ነው። ሁለት ሰዎች በሁለት ፖንቴ ላይ ትይዩ ይቆማሉ፤ ፖንቴ የምንለው ከእንጨት የሚታሰረውን መቆሚያ ነው። የአንዱ ስበት ከሌላው ከበለጠ ሙጫው ሲደርቅ ስፌቱ ይተረተራል። ስለዚህ እኔ ስስብ ጫልቱ ትንሽ ትለቃለች፤ እሷ ስትስብ እኔ እለቃለሁ። መጀመሪያ ላይ ሲበዛብኝ «ሱታ! ሱታ!» ትለኝ ነበር፤ በኦሮምኛ ቀስ በይ ማለት ነው። ኋላ እሱም ቀረ። በጨርቁ እንግባባ ጀመር።

ፖንቴ ላይ ከመውጣቴ በፊት ጸሎት አደርሳለሁ። ጫልቱ በዚህ ትቀልድብኝ ነበር። «ዘኒ፣ ኪዳነ ምሕረት ትታገሥሻለች፤ ካቦው ግን አይታገሥም። ነይ ውጪ!»

አቶ በየነ ሥራ ሲያቆሙ ቤት የሚያሠራ ሰው እኛኑ በስማችን እየጠራ ያሠራን ጀመር። ቀጥሎ ቺፑድ መጣ፣ ቀጥሎ ጂፕሰም መጣ። አሮጌዎቹ ቤቶችም እየፈረሱ ሄዱ። ጫልቱ ያረፈችው ካቻምና ነው። ቀብሯ ላይ አንድ ዘመዷ ምኗ እንደሆንኩ ጠየቀኝ። የሥራ ጓደኛዋ ነኝ አልኩት። ቃሉ አነሰብኝ፤ ሌላ ግን አላገኘሁም።

ልጄ አግብታ ሐዋሳ ነው የምትኖረው። እኔ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ብቻዬን ነኝ። ከእንግዲህ የሚፈልገኝ የለም ብዬ መርፌዎቼን በጨርቅ ጠቅልዬ አስቀምጬ ነበር። ዘንድሮ ሚያዝያ ላይ እትዬ ሙሉ ደወሉ። ስልኬን ያገኙት ወለላቸውን ከሚጠግን አናጢ ነው።

እትዬ ሙሉ በስልክ ኦፕሬተርነት ሠርተው ጡረታ የወጡ ናቸው። ባለቤታቸው ያሠሩት ቤት እንጦጦ ግርጌ፣ ባሕር ዛፉ ከሚያልቅበት ላይ ነው። ሟቹ ካረፉ ጀምሮ እዚያ የሚኖሩት ብቻቸውን ነው። አናጢው የበሰበሰውን ጣውላ ብቻ እየመረጠ ቀይሮ ሌላውን አልነካውም። የመስኮቶቹ የእንጨት መዝጊያዎች ተፍቀው የድሮውን አረንጓዴ ተቀብተዋል። ከየበሩ በላይ ቀይና ቢጫ መስታወት አለ፤ ጠዋት ፀሐይ ሲገባ ኮሪደሩ ላይ ቀለሙ ይወርዳል። የቀረው ኮርኒሱ ነበር። ዝናብ አበስብሶት ስለተነሣ ቆርቆሮው ከነማገሩ ይታያል።

ልጃቸው ሰሎሞን የኢንሹራንስ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነው። የመጣሁ ቀን እዚያው አገኘሁት።

«ማዘር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ እንጂ ይሄ ነገር ጨርቅ ነው» አለኝ። «ዱቄት ቀብታችሁ አይጥ ልትጠሩ ነው?»

«አይጥስ ይወደዋል» አልኩት። «ጣሪያው ሥር ያሉትን ቀዳዳዎች በቆርቆሮ ድፈንልን።»

ደፈነ። ሐሳቡ ግን አልተለወጠም። ጂፕሰም ይግባ ይላል። የጂፕሰሙ ብረት ዝቅ ብሎ ስለሚታሰር የበሮቹን መስታወት ይሸፍናል። እትዬ ሙሉ ይህን አልፈቀዱም።

«እንግዲያው እኔ ቤት ነይ፣ እማዬ። እዚህ ብርዱ ይገድልሻል፤ ሳልሽን አትሰሚውም?»

«አራተኛ ፎቅ ወጥቼ ምን ልሠራ? ሰማይ ቤት ልለማመድ?»

በመጨረሻ ተስማሙ። ክረምቱ ሳይገባ ጨርቁ ከተወጠረ ቤታቸው ይቆያሉ። ካልሆነ ልብሳቸውን ይዘው ልጃቸው ዘንድ ይገባሉ፤ ቤቱም ይከራያል። እኔ ፎቅ ላይ ስለምኖር ምን እንደሚጠብቃቸው አውቃለሁ። በሩን ዘግተህ ከተቀመጥክ መኖርህን ማንም አያውቅም።

የሳሎኑን ጨርቅ ብቻዬን ሰፋሁት። ከአንዱ ጫፍ ጀምሬ ሌላው ጫፍ ስደርስ የሚጠብቀኝ ሰው አልነበረም። ለወጠራው ግንባታ ላይ የሚሠራ ጎረቤቴን ይዤ መጣሁ። ጉልበታም ነው፤ ቅን ሰውም ነው። ስስብ አይለቅልኝም፤ ስለቅለት ጭራሽ ይስባል። መሐል ላይ ያለው ስፌት ጠሽ ብሎ ተተረተረ። «የበሰበሰ ጨርቅ ነው የሸጡልሽ» ብሎኝ ወረደ።

ጨርቁን አውርጄ እንደገና ሰፋሁት። ደመናው በእንጦጦ በኩል እየከበደ ነበር። በማግስቱ አንዱን ወገን በምስማር ይዤ ሌላውን ብቻዬን ልወጥር ሞከርኩ። መሐሉ እንደ ሆድ ተንጠለጠለ። ፖንቴው ላይ ተቀመጥኩ። ጫልቱን በስሟ ጠራኋት፤ ነፍስሽን ይማር አልኩና ወረድኩ።

ቅዳሜ ሰሎሞን መኪናውን ይዞ መጣ። እናቱን ሊወስድ እንደመጣ አልደበቀም። እትዬ ሙሉ ሳሎኑ መሐል ወንበር አስቀምጠው ነጠላቸውን እንደተከናነቡ ተቀምጠዋል። ሻንጣቸው አልተዘጋጀም።

«እማዬ፣ ተነሺ እንጂ።»

«ዘኒ ሰው ጎድሏት ነው እንጂ ሥራው አልከበዳትም» አሉት። «ጫማህን አውልቅና ውጣ።»

«እኔ? እማዬ፣ ሥራ እኮ አላውቅም!»

«ይህን ለማወቅ አርባ ዓመት ፈጀብህ? ውጣ!»

ወጣ። የፖንቴውን እንጨት ጨብጦ አልለቅ አለ፤ ከፍታ ይፈራል መሰለኝ።

«አባትህ ሲወጥር እንዲህ እንጨት አልጨበጠም» አሉ ከታች።

«አባባ መቼ ወጠረና? ሰው ቀጥሮ አይደል ያሠራው?»

«ቆሞ ያሠራውስ ማነው? ዝም ብለህ ሳብ!»

ሳበ። «ሱታ» አልኩት ከትይዩው ፖንቴ። ትርጉሙን አልጠየቀኝም፤ ዝግ አለ። እኔ ስስብ ክንዱ ሲላላልኝ ተሰማኝ። ፈሪ ስለሆነ ጨርቁን ያዳምጣል። ጎረቤቴ ያጣው ይህን ነበር። እየተጠጋን ምስማር እየመታን ሄድን። አንገቱ ላይ ላብ ወረደ።

የመጨረሻው ጥግ ላይ ሁለት እጁ ከጭንቅላቱ በላይ እንዳለ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ «በቃ ክረምቱን እዚሁ ክረሚ» አለ።

«ምን አልክ?» አሉ እትዬ ሙሉ። ሰምተዋል።

«ሰምተሻል!»

«አትልቀቅ» አልኩት እኔ። ምስማሩ ገና አልገባም ነበር።

ሙጫውን ሰኞ ቀባሁ። ሲደርቅ ስፌቱ ያዘ። በሰሎሞን ጥግ አንዲት ሽብሽብ ቀረች። ላስተካክላት ብል እትዬ ሙሉ ከለከሉኝ። የቀሩትን ክፍሎች በየቅዳሜው እሱና እኔ ወጠርናቸው። መስታወቶቹ አንዳቸውም አልተሸፈኑም። የመጨረሻውን ኖራ የቀባሁ ዕለት ኪዳነ ምሕረት ወጥቼ ተሳለምኩ፤ ለጫልቱም ጧፍ አበራሁ። እሷ ብትሰማ ትስቅብኝ ነበር።

ዝናቡ ሲጀምር እትዬ ሙሉ ደወሉልኝ። ነፋሱ ከእንጦጦ ሲወርድ ኮርኒሱ ከፍ ዝቅ ይላል አሉኝ፤ እንደሚተነፍስ ሰው ነው፤ እሱን እያዳመጥኩ እተኛለሁ አሉ። የእኔ ኮርኒስ ኮንክሪት ነው፤ ድምፅ የለውም። ደስ አለኝና ስልኩን ዘጋሁ።

ሰሎሞን አንድ ቀን ሌሎቹን ጨርቅ ወጣሪዎች ይንገሩኝ አለኝ፤ የጓደኛው አባት ቤት እንዲሁ መታደስ አለበት። የምነግረው ስም አጣሁ። ስለዚህ ሙያውን እዚህ ጻፍኩት። ይህን ሥራ መማር የሚፈልግ ካለ ስፌቱንም ሙጫውንም አሳየዋለሁ። ብቻውን ግን አይምጣ።