የአራስ ቅቤ

ሚዛኑ ሰማንያ አራት ላይ ሲቆም እኔ ግን አልቆምኩም። ጥፋቴ ይኼ ነው።

ከተጋባን ስድስት ዓመት ሆኖናል፤ ልጅ የለንም። ሶዶ ውስጥ ያልወለደች ሴት ሰላም ሲሏት እንኳ ዓይናቸው መጀመሪያ የሚያርፈው ሆዷ ላይ ነው። «እንዴት ነሽ?» ይሉሻል፤ መልሱን ከአፍሽ አይጠብቁም። የሴቶች ሐኪሙ መርምሮኝ፣ «ዘጠና አራት ኪሎ በዝቷል። ከሰማንያ በታች ውረጂ፤ ቀስ እያልሽ ቀንሺ፤ የመውለድ ዕድልሽ ይጨምራል» አለኝ። ቀንሺ የሚለውን ሰማሁ። ቀስ እያልሽ የሚለውን ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩት።

የመጀመሪያዎቹ አሥር ኪሎዎች በአራት ወር ሄዱ። የመሥሪያ ቤት ቀሚሶቼ ሰፉኝ፤ ደስታዬም ልክ አጣ። ከዚያ ሚዛኑ ሰማንያ አራት ላይ ቆመ። አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት፣ ወር። የጂም አሰልጣኙን ብጠይቀው፣ «ሰውነትሽ ለምዶታል፤ ጨምሪበት» አለኝ። ጨመርኩበታ! ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ስታዲየሙን እዞራለሁ፤ ከሥራ ስወጣ ጂም እገባለሁ፤ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ዳሞታ ተራራን እወጣለሁ። ሚዛኑ ግን ወይ ፍንክች።

በዚህ መሃል ሁዳዴ ገባ። ቤተሰቦቼ ጾም የሚያከብሩ ሰዎች ናቸው፤ እኔም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ አልቀምስም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ የተቀቀለ ጎደሬ በዳጣ፣ እሱም በቁጥር፤ ሁለት ፍሬ። የጾመ ሰው ያርፋል፤ የሚሮጥ ሰው ይበላል። እኔ ግን ጾሙንና ሩጫውን አንድ ላይ ተሳልኳቸው፤ እግዚአብሔርም ሚዛኑም አንድ ላይ የሚሰሙኝ መስሎኝ። ጉልበቴ ደረጃ ላይ ይከዳኝ ጀመር። ማበጠሪያዬ በፀጉር ይሞላል። ቢሮ ፋይል ሊጠይቅ የመጣ ሽማግሌ ላይ ጮኼበት፣ ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ባሌ፣ «ኧረ አንቺ ሴት፣ በገዛ እጅሽ ልትሞቺ ነው?» ቢለኝ፣ «አንተ ምን አለብህ፣ የሚጠየቀው ሆድ ያንተ አይደለም!» አልኩት።

የወር አበባዬ ቀረ። በሁለተኛውም ወር ቀረ። ያዞረኛል፤ ጠዋት ጠዋት ያቅለሸልሸኛል። ሚዛን ላይ ብወጣ ሰማንያ አምስት ሆኗል። በሕይወቴ ኪሎ ጨምሬ እልል ያልኩት ያን ቀን ብቻ ነው። ለምን አልተመረመርሽም የሚሉኝ አሉ። ስድስት ዓመት ሙሉ ምርመራ ያልነገረኝን ሆዴ ነገረኝ፤ አመንኩት። ሩጫውን በዚያው ቀን ተውኩ። ለባሌ ነገርኩት። እሱ ደግሞ መቼ ያስችለዋል፣ ለእናቱ ደወለ።

አማቴ በነጋታው ከሚኖሩባት ከተበላ ከተማ መጡ። «አዬ» ነው የምላቸው፤ በወላይትኛ እናቴ ማለት ነው። በሚኒባስ ጭናቸው ላይ ይዘው የመጡት ማሰሮ ሙሉ የተነጠረ ቅቤ ነበር። እኛ ጋ አራስ በቅቤ ነው የምትታረሰው፤ ቅቤዋን የምታጠራቅም አማት ምራቷን ከልጇ እኩል ቆጠረቻት ማለት ነው። ስድስት ዓመት እንዲህ ያለ ማሰሮ ቤቴ አልገባም። ክዳኑን በጨርቅ አሰሩና፣ «ይኼ የአራስነትሽ ነው፤ እስክትወልጂ እንዳትነኪው» አሉኝ። ግንባሬን ሳሙኝ። ስመውኝ አያውቁም ነበር።

በሳምንቱ ሐኪሙ ጋ ሄድን። «እርግዝና የለም» አለ።

ባሌ፣ «እንዴት የለም?» አለው፤ ሐኪሙ የሰረቀው ይመስል። ሐኪሙ የምበላውንና የምሮጠውን አንድ በአንድ ጠየቀኝ። ስነግረው ብዕሩን አስቀመጠ። «ሰውነትሽ ክፉ ቀን የገባ መስሎታል» አለኝ። «በክፉ ቀን ሰውነት ያለችውን አጥብቆ ይይዛል፤ አያስረግዝም። ኪሎሽ የቆመውም፣ አበባሽ የቀረውም ለዚህ ነው። ቀስ ብለሽ ነው ያልኩሽ እኮ!» አዎ፣ ብሎኝ ነበር።

ባሌ ግቢው ውስጥ ጀርባውን ሰጥቶኝ ለእናቱ ደወለ። «የለም፣ አዬ» ሲል ሰማሁት። ከዚያ በኋላ የሰማሁት እሺ፣ እሺ፣ እሺ ብቻ ነው።

እረፊ፣ ብዪ ተብያለሁ፤ አረፍኩ። ከፋሲካ በኋላ ማሰሮውን ፈታሁት። ይቅር ይበለኝና በእልህ ነው የፈታሁት። ቆጮውን በዚያ ቅቤ እያሸሁ በላሁት፤ ያልወለድኩትን ልጅ አራስነት ብቻዬን ታረስኩ። ባሌ እያየ አንድም ቀን ተይ አላለኝም፤ አብሮኝም አልበላም።

በሦስተኛው ወር የወር አበባዬ ተመለሰ። በዚያው ሳምንት ሚዛኑ ሰባ ዘጠኝ አለኝ። ያን ሁሉ ሮጬ ያልሰጠኝን፣ ተኝቼና በልቼ ሰጠኝ። ለማን ልንገረው? ባሌ ሰማና፣ «ጥሩ ነው» ብሎ ስልኩን ማየት ቀጠለ።

ብዙም ሳይቆይ አማቴ መጡ። ባሌ ሥራ ላይ ነበር። ቁጭ ሳይሉ፣ «ያቺን ማሰሮ ፈልጌ ነው» አሉኝ። «የታናሹ ልጄ ሚስት ልትወልድ ነው።» እሷ ያገባችው ዓምና ነው።

ከጓዳ አውጥቼ ሰጠኋቸው። ሲያነሱት ቀለላቸው፤ ክዳኑን ከፈቱ። አጥቤው ስለነበር ሽታው እንኳ የለም። ማሰሮውን አዩ፤ እኔን ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

«ምነው ከሳሽ?» አሉኝ።

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ማሰሮውን ተቀብያቸው እስከ መናኸሪያ ሸኘኋቸው። ወደ ተበላ ከተማ የሚሄደው ሚኒባስ ገና አልሞላም ነበርና ከጎናቸው ገብቼ፣ ጭኔ ላይ ይዤው ቁጭ አልኩ። ሰው ሞላ። ረዳቱ የማይሄድ ይውረድ አለ።

«በይ ስጪኝ እንግዲህ» አሉኝ።

ሰጠኋቸው።