ያልጻፍኩት የአዴ ዘይነባ ቃል

ይህን ለሚስቴም ለንስሐ አባቴም ተናግሬው አላውቅም። አሁን የምናገረው ቀለል እንዲለኝ አይደለም፤ ነገሩ እንደሆነው የሚገኘው እኔ ዘንድ ብቻ ስለሆነ ነው።

በሃምሳዎቹ መጀመሪያ አሰበ ተፈሪ ጸሐፊ ሆኜ ተመድቤ ነበር። ከገበያው ዳር አንድ አዳራሽ አለ፤ ሲሠራ ድንጋዩን የተሸከመው የከተማውም የገጠሩም ሰው ነው። ከቦኬ በኩል ማሽላ ጭነው የሚመጡ ሴቶች በገበያ ቀን ዝናብ ሲጥል እዚያ ይጠለላሉ። የመንግሥት ሠራተኞች ደግሞ ክበብ ሊያደርጉት ፈለጉ። ሁለቱን ለማስማማት ስብሰባ ተጠራ። ገለምሶ ስላደግሁ ኦሮምኛ እችላለሁ፤ አስተርጓሚውም ቃለ ጉባኤ ጸሐፊውም እኔ ሆንኩ።

በሴቶቹ ስም የተናገሩት አዴ ዘይነባ፣ በእኛ አባባል እማማ ዘይነባ፣ የሚባሉ አሮጊት ነበሩ። «ወንበራችሁን አንነካም፤ ለወገብም አይበጅም» ሲሉ ሴቶቹ ሳቁ። «ክበቡ የእናንተ ይሁን። በገበያ ቀን ዝናብ ከመጣ ግን የጓሮው በር ይከፈትልን። እኛስ እንደርቃለን፤ የረጠበ ማሽላ ማን ይገዛል?»

ሰብሳቢው «እናታችን ምን አሉ?» አለኝ።

«ተስማምተዋል» አልኩ።

አልተሳሳትኩም። አልዘነጋሁም። እያንዳንዱን ቃል ሰምቻለሁ፤ ቆርጬ የጣልኩት እኔ ነኝ። ለምን? ሠራተኞቹ ከቢሮ ሲወጡ አብረው ይሄዳሉ፤ እኔን ና ያለኝ አልነበረም። ብቻዬን እበላለሁ፣ ብቻዬን ወደ ኪራይ ክፍሌ እመለሳለሁ። አዳራሹን ያለ ምንም ቅድመ ሁኔታ ባስረክባቸው የሚያቀርቡኝ መሰለኝ። ታዲያ ይህ ማመካኛ ይሆናል?

እንደ ልማዱ፣ ማንበብ የማይችል ሰው አውራ ጣቱን ከመጫኑ በፊት የተጻፈው በቋንቋው ይነገረዋል። አዴ ዘይነባ ጣታቸውን ቀለም አስነክተው ቀና አሉና፣ «ያ ኢልማ፣ ልጄ፣ የበሩ ነገር አለበት?» አሉኝ።

«አለበት፣ እናቴ።»

ጣታቸውን ጫኑ። መረቁኝም።

ሁለት ገበያ አልፎ ዝናቡ መጣ። እኔ ክበቡ ውስጥ ካርታ ይዤ ተቀምጫለሁ። የጓሮው በር ተንኳኳ፤ ዘበኛው ገርበብ አድርጎ ከፈተና «ወረቀቱ አይፈቅድም» አላቸው። አዴ ዘይነባ በክፍተቱ አዩኝ። «ወረቀቱን የጻፈው ልጅ ያውና! እሱን ጠይቀው።»

ዘበኛው ዞረ። እኔ ከካርታዬ ቀና ሳልል፣ «የለበትም» አልኩ።

«እህ! ጆሮዬ አርጅቷል ማለት ነው» አሉ ከኋላቸው ለቆሙት ሴቶች። ያን ጊዜ ማንም አልሳቀም። በሩ ተዘጋ።

ከዚያ ወዲያ በዚያ ገበያ አላየኋቸውም። ክበቡ ውስጥም ከጨዋታው ውጪ የሚያናግረኝ አላገኘሁም። ይህን የምጽፈው ግን ተቀጥቻለሁ ለማለት አይደለም። የተቀጡት እሳቸው ናቸው።

በኋላ ጋዜጠኛ ሆንኩ። «የሁለቱን ወገን ቃል ሳይዝ አይጽፍም» እያሉ ያመሰግኑኛል፤ እኔም ምስጋናውን እቀበላለሁ። ሹም ጠይቄያለሁ፣ ዳኛ ጠይቄያለሁ። ለሥራ በሚኤሶም በቦኬም አልፌያለሁ። አንባቢ ሆይ፣ ይቅር በለኝ አልልህም፤ የበደልኩት አንተን አይደለም። ይቅር ሊሉኝ የሚችሉት እሳቸው ነበሩ። የት እንደ ደረሱ ግን አንድም ሰው ጠይቄ አላውቅም።