በግራ የሚመጣ ኳስ

የዚያን እሑድ ሰማዩ እንደ ዳመነ ዋለ፤ ዝናቡ ግን አልመጣም። ልብስ በመተኮስ የምትኖረው ታላቅ እህቴ ትከሻዋን እያሸች ወደ ሜዳው ወጣች። ፒክልቦል የሚሉትን የራኬት ጨዋታ እሑድ እሑድ አብረን እንጫወታለን። በግራዋ የመጣላትን ኳስ ሁሉ ራኬቱን በእጇ ጀርባ በኩል አዙራ ባላት ኃይል ትመታዋለች፤ ኳሱም መረቡ ላይ ይቀራል።

«እትዬ፣ ኳሱ ምን በደለሽ?»

«ተይኝ እስቲ! ትከሻዬ እንዲህ ከሆነ ዛሬ የመጨረሻዬ ነው።»

ከሥራና ከቤት ሌላ ያላት ይኸው ጨዋታ ብቻ ነው።

«ካውያ ትመቻለሽ እንዴ? በገላሽ ትገፊዋለሽ እንጂ። ይኼንንም ግፊው። ከመስመር የሚወጣውን ደግሞ ተይው፣ ይሂድ።»

ሳቀች። ቀጣዩን ወገቧን አዙራ በቀስታ ገፋችው፤ መረቡን አልፎ እግሬ ሥር ወደቀ። ከዚያ ወዲያ የመጡላትንም እንዲሁ ገፋቻቸው፤ ጎንበስ እያልኩ ማንሳቱ ታከተኝ።

ዛሬም ትተኩሳለች፤ ትከሻዋም አልዳነም። እሑድ ግን ትጫወታለች።