የሌሉኝ በጎች ክትባት

እኛ ከጉና ሥር የምንኖር ሰዎች በግ የሌለው ሽማግሌ ስናይ አንጀታችን አይችልም። እኔም በጎቼን በሽታ ከፈጀብኝ ወዲህ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲታዘንልኝ ኖሬያለሁ። ታዲያ አምና ቀበሌው ለአረጋውያን አንድ አንድ እናት በግ ይሰጣል ሲባል ሰማሁና፣ ዱላዬን ይዤ ቀስ እያልኩ ወረድኩ።

የምትመዘግበው የግብርና ባለሙያ ሰው አክባሪ ልጅ ናት። ቅጹን ዘረጋችና፣

«አባቴ፣ በጎችዎ በሙሉ ተከትበዋል?» አለችኝ።

«በግ የለኝም፣ ልጄ።»

«ገብቶኛል። ግን ተከትበዋል?»

«በግ ቢኖረኝ እዚህ ምን አመጣኝ?»

«ልክ ነዎት። ቅጹ ግን አዎ ወይም አይደለም ብቻ ነው የሚለው። አይደለም ካሉ በጓን አያገኙም።»

አዎ ብዬ መገላገል እችል ነበር። ነገር ግን እኔ በመንደሬ የድንበር ምስክር ነኝ፤ የጎረቤታሞች ማሳ የሚለየው በእኔ ቃል ነው። ስለሌለ በግ ዋሽቶ አውራ ጣቱን ያሳረፈ ሰው፣ ነገ ድንበሩ እዚህ ነበር ቢል ማን ያምነዋል? ቅጹን አጣጥፌ የቆሎ ተማሪዎችን ወደሚያስተምሩት የኔታ ዘንድ ወጣሁ።

ነገሩን ሰሙና፣ «ያልተከተበ በግ አለህ?» አሉኝ።

«የለኝም።»

«አንድም?»

«አንድም።»

«ያልተከተበ ከሌለህ ሁሉም ተከትበዋላ! አዎ በልና ጣትህን አሳርፍ።»

«የተከተበስ መቼ አለኝ፣ የኔታ?»

«እሱን ማን ጠየቀህ?»

እንደ ባለጸጋ ደረቴን ነፍቼ ቤቴ ገባሁ። ባለቤቴ ስትሰማ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

«እንዲህ ከሆነማ በጎችህ ሁሉ ዲያቆናት ናቸው!» አለች።

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ያልደቆነ አንድ አምጣና አሳየኛ!»

ተመልሼ የኔታን እንዳልጠይቅ አፈርኩ። በማግስቱ ጣቴን አሳረፍኩ።

በጓ በመጣች ቀን ልጅቱ ገመዱን ዘረጋችልኝ።

«ተከትባለች?» አልኳት።

«ገና ናት። መርፌው በሳምንቱ ይመጣል።»

እጄን ሰበሰብኩ። ገመዱን ከያዝኩ በግ አለኝ፤ ያችም ያልተከተበች። የኔታ ቢጠይቁኝ ምን እላለሁ?

«አባቴ፣ ቅጹ እኮ ድሮ ተሞልቷል!»

«ጣቴ ግን አሁንም እዚያው ላይ ናት።»

በጓ በቀበሌው ግቢ ታስራ ሰነበተች። እኔም ጠዋት ጠዋት ሣር ይዤ እየወረድኩ፣ እንደ ሌላ ሰው በግ ራቅ ብዬ ተቀምጬ አያት ነበር። ዘበኛው፣ «ዘመድ ጥየቃ ነው፣ አባባ?» እያለ ይቀልድብኛል። ወፍራም ናት፣ ጆሮዋ ጥቁር። ወደድኳት፤ ሳልነካት ግን ሳምንቱ ሞላ።

የከብት ሐኪሙ መርፌውን ስቦ ዞር ዞር አለና፣ «የዚች ባለቤት ማነው?» አለ።

«መጀመሪያ ውጋት፣ ልጄ» አልኩት።

ወጋት።

«እኔ ነኝ» አልኩት።