ራዲዮ የሚያየው ጨዋታ

በያጁ ዓይኑን ያጣው በብየዳ ነው ብሎ ያላወራ ሰው በሰፈሩ የለም። እሱ ደግሞ ይህን በሰማ ቁጥር ደሙ ይፈላል። «ጭንብሌን ሳላጠልቅ አንዲት ብረት በይጄ አላውቅም! የዓይን ግፊት ነው፤ አባቴም ነበረበት» ይላል። ሰሚው ራሱን ነቅንቆ ያዝንለትና ዞር ሲል «አይ ብየዳ፣ ስንቱን ጨረሰ» ይላል። በያጁ ዕድሜ ልኩን በሙያው የኮራ ሰው ነውና፣ ከዓይኑ መጥፋት ይልቅ የሙያው ስም መጥፋት ያንገበግበዋል።

የሆነው ሆኖ የዓይኑ ብርሃን ቀስ በቀስ ሲደክም ብዙ ነገር ተወ። ሱቁን ለወንድሙ ልጅ አስረከበ፣ ብስክሌቱን ሰጠ፣ ጋዜጣ ማንበቡ ቀረ። አልተውም ያለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ኳስ። የስታዲየሙን አጥር፣ የመግቢያውን በር፣ ደጋፊው ተደግፎ የሚጮህበትን የትሪቡን ብረት በገዛ እጁ የበየደ ሰው፣ እሁድ ከሰዓት እንዴት ብሎ ቤቱ ይቀመጥ?

ራዲዮ የደረሰለት ያኔ ነው። ራዲዮ ሰው ነው፤ ፀጉር አስተካካይ። ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ደንበኛ ጆሮው ሳይግል አይነሳም ስለሚባል ስሙን ያወጡለት ደንበኞቹ ናቸው። ከበያጁ ጋር ከልጅነት ጀምሮ አብሮ አደግ ነው። «አንተ እግርህን ብቻ ይዘህ ና፤ ማየቱን ለኔ ተወው» አለውና ክንዱን ይዞ ወሰደው።

በር ላይ ቆመው ትኬት የሚቀበሉት ሽማግሌ ሁለቱን ሲያዩ፣ በሩን የበየደው እሱ ነውና በያጁን ወዲያው አወቁት። «አንዱ ያያል፣ አንዱ ይሰማል። ሁለታችሁ ተደምራችሁ አንድ ተመልካች ናችሁ» ብለው በአንድ ትኬት አስገቧቸው። ቀልድ ነበር። ግን ሽማግሌው ጡረታ ወጥተው ሌላ በረኛ ሲተካም ቀልዱን አብሮ ተረከበ፤ ከዚያም የክለቡ ደንብ ሆኖ አረፈው። ሰው ትሪቡን ላይ ቦታ ሲይዝ እንኳ «ተደማሪዎቹ መጡ፣ ጠጋ በሉ» ይል ነበር።

እንግዲህ ሴትዮዋ የመጣችው በዚህ መሃል ነው። ብረትና ሲሚንቶ ነጋዴ ናት። ክለቡ ለተጫዋቾቹ መክፈል አቅቶት፣ በሩን ሊዘጋ አንድ ሐሙስ ሲቀረው ግማሹን ገዛችው። በገዛች በወሩ ደግሞ መቀስ ይዛ ተነሳች። ሆቴል ማደር ቀረ፤ ቡድኑ ጠዋት ሄዶ ማታ ይመለሳል። ሙቅ ውሃ ከጨዋታ ቀን ውጭ ተዘጋ። በእረፍት ሰዓት የሚነፋው የሙዚቃ ጓድ ተሰናበተ። ማሊያው ካቻምና የተገዛው ነው። በመጨረሻም በሩ ላይ ወረቀት ተለጠፈ፦ ለአንድ ሰው አንድ ትኬት፤ በነፃ መግባት የለም።

በዚያ ሳምንት የራዲዮ ፀጉር ቤት ጦር ሜዳ ሆኖ ሰነበተ። የደጋፊዎቹ ማኅበር ሊቀ መንበር ሥጋ ሻጩ ነው፤ ድምፁ ከሥጋ ቤቱ መጥረቢያ አያንስም። ግማሽ ፂሙ ተላጭቶ፣ ግማሹ አረፋ እንደለበሰ ከወንበሩ ተነሳ።

«ልጆቹ ላባቸውን ይዘው ይተኙ ነው የምትለው? ሙቅ ውሃ ይዘጋል?»

«ባለፈው ዓመት ቀዝቃዛውም አልነበረም እኮ» አለ ተራውን የሚጠብቀው ባለታክሲ። «ሂሳብ ቆጥሮባቸው ውሃ ልማት ቆርጦት! ረሳኸው እንዴ?»

«ማሊያውስ? በአሮጌ ማሊያ ይጫወቱ?»

«ምን አለበት? እንደ አዲስ ነው። ማን ሮጠበትና!»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ሥጋ ሻጩም ሳይወድ ሳቀ፤ ግን አልተሸነፈም። «ኳስ እንደ ሲሚንቶ በከረጢት አይመዘንም! ሰው ነው። ልብ ነው።» ጣቱን ጥግ ወንበር ላይ ወደተቀመጠው በያጁ ቀሰረ። «ይኸው እሱን እዩት! እሱ ላይ ቆጥባ ልትከብር ነው?»

በያጁ ስሙ ባይጠራ ደስ ባለው። «ሴትዮዋን ተዋት» አለ። «እሷ ባትገዛው ኖሮ ዛሬ የምንጨቃጨቅበት ክለብም አይኖረን። እኔ ለጭቅጭቁም አመሰግናታለሁ።»

«አንተን እኮ ነው ያባረረችው፣ ወንድሜ!»

«እኔንማ አላባረረችኝም። እኔ ትኬት እገዛለሁ። ያባረረችው ዓይኔን ነው።»

የራዲዮ መቀስ ቆመ።

ነገሩ ይህ ነበር። በያጁ የወንድሙ ልጅ ከሱቁ በሚሰጠው ለራሱ ይገዛል እንጂ ለሁለት አይደርስም። ራዲዮ ደግሞ የሟች ልጁን ልጆች የሚያሳድግ ሰው ነው፤ በየሳምንቱ ትኬት ቁረጥ ቢሉት ከልጆቹ አፍ ነጥቆ ነው። እናዋጣላችሁ ያሉ ነበሩ፤ በያጁ ግን «ለአንድ ቀን እሺ። በየሳምንቱ ግን እጄን ዘርግቼ ኳስ አላይም» ብሎ ዘጋው። ለባለቤቱ «የእሁዱን አይቼ እሰናበታለሁ» አላት። እሁድ ኳስ የሌለውን ባሏን ማሰብ አስጨነቃት።

ሥጋ ሻጩ በበኩሉ ዝም ብሎ የሚቀመጥ ሰው አይደለም። ማኅበሩን ሰብስቦ አስወሰነ፦ የመጀመሪያው አጋማሽ እስኪያልቅ ትሪቡኑ ትንፍሽ እንዳይል። ጭብጨባ የለም፣ ዘፈን የለም፣ ስድብ እንኳ የለም። ሴትዮዋ የክብር ቦታዋ ላይ ተቀምጣ ያለ ደጋፊ ክለብ ምን እንደሚመስል ትስማው ነው ነገሩ። ሁሉም ማለ። ራዲዮም «በሹክሹክታ እነግረዋለሁ» ብሎ ማለ። የራዲዮ ሹክሹክታ የሌላው ሰው ጩኸት መሆኑን አንድ እንኳ ያሰበ አልነበረም።

እሁድ ፊሽካው ተነፋ፤ ትሪቡኑ ጭጭ አለ።

በያጁ ብረቱን ጨብጦ ተቀምጦ ነበር። መጀመሪያ ጭንቅ አለው፤ ቆየት ብሎ ግን ጆሮው ተከፈተ። ኳሷ ስትመታ ድብ ስትል ሰማ። የበረኛውን ጩኸት፣ «ግራ! ግራህን!» ሲል። ጫማ ሣር ሲቦጭቅ። ስንት ዓመት የሰው ጫጫታ ሸፍኖበት የኖረውን ነገር ሁሉ ሰማውና ደስታ በደረቱ ሞላ። የስንብት ቀኑ ባይሆን ኖሮ ሥጋ ሻጩን ይስመው ነበር።

ከጎኑ ራዲዮ ሥራውን ጀምሯል። «ሰባት ቁጥር ይዟል። አንዱን አለፈ። ኧረ ሁለተኛውን በእግሩ መሃል አሾለከለት! ወይ ጉድ፣ እንደ ቅቤ ነው የሚያንሸራትታት! አሻገረ፣ ዘጠኝ ቁጥር በግንባሩ...! ለጥቂት! ለጥቂት ወጣችበት!»

ድምፁ ዝም ባለው ትሪቡን ላይ እስከ ጫፍ ተሰማ። ሰው እርስ በርሱ ተያየ። ሜዳው ላይ በዚያች ሰዓት ሰባት ቁጥር ብቻውን ተደናቅፎ ሣሩ ላይ ተዘርግቶ ነበር፤ ዘጠኝ ቁጥር የጫማውን ክር እያሰረ ነው፤ ኳሷም ቆይታለች ከወጣች። ባለታክሲው ከኋላ አላስቻለውም።

«ጋሼ ራዲዮ፣ የት ሆነው ነው የሚያዩት? ኳሷ እኮ ኳስ አቀባዮቹ ጋ ናት!»

ትሪቡኑ ፈነዳ። መሐላው ገደል ገባ። ሰው ሆዱን ይዞ ሳቀ፤ ሊቀ መንበሩ ራሱ እንባውን ጠረገ። ማንም ክፉ አላሰበም፤ ራዲዮ ግን ከበያጁ ጎን ኩምትር ሲል ክንዱ ለክንዱ ነገረው። ወሬ ዘግቶ የማያውቀው ሰው እስከ እረፍት ድረስ ቃል አልወጣውም። በያጁ ሊያጽናናው ፈልጎ በሰው መሃል ሆነበት።

በእረፍት ሴትዮዋ ከክብር ቦታዋ ወርዳ መጣች። በያጁ የሰው ዝምታ ሲጠጋው መምጣቷን አወቀ።

«ቅድም ሲያወራ የነበረው ማነው?» አለች።

«እኔ ነኝ እመቤቴ» አለ ራዲዮ፣ በሹክሹክታ። ይህኛው እውነተኛ ሹክሹክታ ነበር።

«የትኛውን ጨዋታ ነበር የሚያዩት? ገንዘቤን ያፈሰስኩበት ቡድን ያኛው ቢሆን በወደድኩ።»

ሰው ሳቀ። ሥጋ ሻጩ ዕድሉን አላሳለፈም፤ የአንድ ትኬቱን ነገር ከሽማግሌው በረኛ ጀምሮ ዘረገፈላት። እሷ ሳታቋርጥ ሰማችው። ሲጨርስ በያጁ ከመቀመጫው ተነሳ።

«እኔ ቅር አላለኝም፣ እመቤቴ። ክለቡን ከመዘጋት አትርፈውልናል። ዛሬ ቁጭ ብዬ የሰማሁት በእርስዎ ነው። እግዜር ይስጥልኝ።»

ስድብ ጠብቃ ለመጣች ሰው ምስጋና ግራ ያጋባል። «በነፃ መግባት የለም ብያለሁ፤ ቃሌን አላጥፍም» አለች ሴትዮዋ። «ዛሬ ለእርስዎ ብል ነገ መቶ ሰው ይሰለፋል። ግን የክለቡ ሠራተኛ ትኬት ቆርጦ አይገባም። እኚህ ጓደኛዎ ከዛሬ ጀምሮ የክለቡ ሠራተኛ ናቸው። ሥራቸው ለማያዩ ደጋፊዎች መናገር ነው። ደሞዝ የላቸውም።»

«ደሞዝ የሌለው ሠራተኛ!» አለ ሥጋ ሻጩ።

«ለዚህ ክለብ አዲስ ነገር ነው እንዴ?» አለችው። ባለታክሲው ብቻውን አጨበጨበ፤ ቀጥሎ ሁሉም አጨበጨበ። ልትሄድ ስትል ወደ ራዲዮ ዞረች። «ሥራ ከሆነ ግን በወጉ ይሁን። የሆነውን ይናገሩ።»

ሁለተኛው አጋማሽ ተጀመረ። ራዲዮ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ቀጥ ብሎም ተቀመጠ።

«ኳሱ ተከላካያችን ጋ ነው» አለ። «ለበረኛው መለሰለት። በረኛው ወደ ውጭ ለጋው። የእጅ ውርወራ ለእነሱ። ሰባት ቁጥር ወድቋል። ማንም አልነካውም። አሁን ገባብን። አንድ ለባዶ።»

በያጁ ታግሦ ሰማ። ታግሦ፣ ታግሦ፣ አልቻለም።

«ራዲዮ።»

«አቤት።»

«ምንድነው ይሄ?»

«ጨዋታው ነዋ።»

«ይሄንንማ ሁሉም ሰው ያየዋል። የኔን ቡድን መልስልኝ።»

ራዲዮ ወደ እሱ ዞረ። «ታውቅ ነበር?» አለው።

«ሰዉ ሁሉ ኡኡ ሲል አንተ ‹ድንቅ ሙከራ› ትላለህ። አሥር ጊዜ ለጥቂት ወጣ ብለኸኝ ስንወጣ አምስት ለባዶ ተሸንፈናል። ደንቆሮ ነኝ እንዴ?»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«ተናግሬ ብትተወውስ?»

ራዲዮ ፊቱን በእጁ ጠራረገ። «የመጀመሪያ ቀን ነው የጀመረኝ» አለ። «በጨለማ የመጣህ ቀን። ስድስት አገቡብን። ቀና ብዬ ፊትህን ሳየው አፌ አልታዘዝ አለ። በዚያ ሁሉ ላይ እሱን ልጨምርብህ?»

በያጁ እጁን ዘርግቶ የጓደኛውን ጉልበት አገኘና ጨበጠ። ዓይኑ በጠፋ ሰሞን ሰው ሁሉ እያለቀሰ ሊጠይቀው ይመጣ ነበር፤ ይህ ሰው ግን በየሳምንቱ ከሽንፈትና ከጭቃ መሃል የሚያምር ነገር እየሠራ፣ ለአንድ ሰው ብቻ እየሠራ፣ ሲሰጠው ኖሯል። ከዚህ በላይ ምን ይሰጣል? «እግዜር ይስጥህ፣ ወንድሜ» አለው። ድምፁ ተሰበረና አልጠገነውም። «ለሁሉም ቀን። አሁን ተናገር፣ እየተጫወቱ ነው።»

«አለቃዬ ብታባርረኝስ?»

«ደሞዝህን እንዳትቆርጠው ፈርተህ ነው?»

ራዲዮ ሳቀ፤ ከዚያ ወደ ሜዳው አቀና። «ሰባት ቁጥር ተነስቷል» ብሎ ጀመረ። «ተነስቷል ብቻም አይደል፤ የተናደደ ይመስላል። ኳሷን ነጠቀ...»

ሜዳው ላይ ሁለተኛው ግብ ሲገባ ትሪቡኑ አቃሰተ። ሥጋ ሻጩ ከኋላ ጎንበስ ብሎ አፉን ወደ ራዲዮ ጆሮ አስጠጋ።

«ራዲዮ፣ ባንተ በኩል ስንት ለስንት ነን?»

«አንድ እኩል» አለ ራዲዮ ሳይዞር። «እየገፋን ነው።»

በያጁ ቤቱ ሲደርስ ባለቤቱ በር ላይ ጠበቀችው። ከመስኮት ሆና ሁለቱ ሲመጡ አይታለች፤ እንዴት ብላ እንደምታጽናናው ስታሰላስል ነበር የዋለችው። ክንዱን ተቀበለችና «እንዴት ነበር?» አለችው ቀስ ብላ።

«ሁለት ለባዶ ተሸነፍን» አላት፣ እየሳቀ። «ለሚቀጥለው እሁድ ሸሚዜን ተኩሺልኝ።»