ሊቶሪና የተሳፈሩት አያቴ

አያቴ የሞተር ድምፅ ሰምተው "ምንድን ነው እሱ?" ሳይሉ አያልፉም ነበር። በወጣትነታቸው ለሥራ ድሬዳዋ ሄደው ሊቶሪና ተሳፍረዋል፤ ሌላ ባቡር ሳይጎትተው በራሱ የናፍጣ ሞተር በሐዲድ ላይ የሚሄድ፣ አውቶቡስ የሚመስል ፉርጎ ነው። መጨረሻው ጣቢያ ላይ ሾፌሩ ከፊት ተነስቶ በተሳፋሪው መሀል አለፈና፣ ኋላ ካለው መሪ ተቀምጦ ወደመጡበት ይነዳ ጀመር። "ሳይዞር ተመለሰ እኮ!" ይሉን ነበር፣ ገና ዛሬ እንዳዩት ሁሉ።

ታመው ከቆቦ ወደ ወልድያ ሐኪም ቤት ስወስዳቸው ሚኒባሳችን ሮቢት ላይ ተበላሽቶ ቆመ። ተሳፋሪው ሲያጉረመርም እሳቸው ከዘራቸውን ይዘው ወረዱ።

"አባባ፣ ጥላው ሥር አረፍ ይበሉ" አላቸው ሾፌሩ።

"ሐኪሙ እኔን ሊያይ ነው፤ እስቲ እኔም ይሄን ልይ" አሉና ሞተሩ ላይ አጎነበሱ። ሾፌሩ ሳቀ፤ እየጠገነም እያንዳንዱን ነገር አስረዳቸው። ሕመማቸውን ረስተውት ነበር።

ከተመለስን በኋላ ብዙም አልቆዩም፤ አላህ ይዘንላቸው። ለቅሶ ላይ እንደተቀመጥን የጎረቤት የውሃ ፓምፕ ተነሳ። ሁላችንም ወደ እሳቸው ቦታ ዞርን፤ "ምንድን ነው እሱ?" የሚል የለም። ተነሳሁና ማሳው ድረስ ሄጄ ጎረቤታችንን፣ "ይሄ ነገር ውሃውን ከመሬት እንዴት ነው የሚያወጣው?" አልኩት።