ያለ «ግን» ይቅርታ የጠየቀው ሹፌር ሰይድ

ወዳጆቼ፣ ዛሬ ቀትር ላይ የደረሰኝን ወሬ እስካሁን ከልቤ ጋር ማስታረቅ ተስኖኛል። ሹፌር ሰይድ ሞተ አሉኝ። በመካነ ሰላም ሌላ ሹፌር ሰይድ እንደሌለ እያወቅሁ፣ ምናልባት የማላውቀው አንድ ቢገኝ ብዬ «የትኛው ሰይድ?» ስል ጠየቅሁ።

ከትናንት በስቲያ ደጄ ላይ ቆሞ፣ «መምህር፣ ኢንሹራንሶቹ የመጨረሻውን መልስ ሊሰጡኝ ነውና ዱዓ ያድርጉልኝ» ብሎኝ ወደ ደሴ የወረደ ሰው ነው። ዛሬ ሲመለስ በሰው አውቶቡስ፣ ከሹፌሩ ጎን ተቀምጦ፣ ራሱን መስኮቱ ላይ እንዳስደገፈ አለፈ። ሹፌሩ ደክሞት የተኛ መስሎት፣ እንዳይቀሰቅሰው ሬዲዮኑን ዘግቶለት ነበር አሉ።

ለማታውቁት ልንገራችሁ። ሰይድ ከመካነ ሰላም ወደ ከላላና ወረኢሉ የሚመላለስ ሚኒባስ ነበረው፤ ሚኒባሷን የገዛችለት በጅዳ በሰው ቤት ሠራተኝነት ወጣትነቷን የጨረሰችው ልጁ ዘይነባ ናት። አሳቧም አባቷ እየነዳ፣ እርሷ ዘንድሮ ለሁልጊዜው አገሯ ገብታ፣ በዚያችው መኪና ገቢ አብረው ሊኖሩ ነበር።

መኪናዋ በመንገድ ስትበላሽ ከሰይድ አፍ የማትጠፋ አንዲት ቃል ነበረች፤ «አብሽሩ፣ ብረት ነው!» ይል ነበር። አንድ ጊዜ ጎማ ፈንድቶብን ቁልቁለቱ ላይ ስንቆም፣ አንዲት እናት፣ «አንተ ሰይድ፣ ዛሬም ሜዳ ልታሳድረን ነው?» አሉት።

«አብሽሩ እማማ፣ የተበላሸው ብረት ነው፤ ሰው ደህና ነው።»

«ሁልጊዜ ብረት ነው ትላለህ፤ ሆዴም ብረት መሰለህ?» ቢሉት፣ የራሱን ቆሎ አውጥቶ በእጃቸው ላይ ዘረገፈላቸው።

ባለፈው ክረምት ግን፣ ጉም መንገዱን በሸፈነበት ጠዋት፣ ወደ ከላላ ገበያ ይሄድ የነበረ አያ ተሾመ የተባለ ገበሬ የተቀመጠባት በቅሎ ደንብራ ከሚኒባሷ ፊት ገባች። ሰይድ መሪውን ወደ ገደሉ አፍ ቢጠመዝዝም አልሆነለትም። መኪናዋ ቦይ ውስጥ ተገለበጠች፤ በቅሎዋ ተረፈች፤ አያ ተሾመ አልተረፈም። ያን ዕለት ሰይድ «ብረት ነው» አላለም።

በእኛ አገር፣ ሳይታሰብም ቢሆን ደም ከፈሰሰ፣ ሼሁም ቄሱም ሽማግሌውም አንድ ላይ ሆነው፣ ያጠፋውን ሰው ድንጋይ አሸክመው ወደ ሐዘንተኛው ደጅ ይሄዳሉ። እኔም አብሬ ነበርሁ። ከመድረሳችን በፊት ሼሁ ሰይድን ዘወር አድርገው፣ «የበቅሎዋን ነገር ሁላችንም ሰምተናል። 'ግን' የምትል ቃል በኪስህ ካለች፣ እዚሁ ወንዝ ውስጥ ጣላት» አሉት።

ጣላት። ድንጋዩን በአንገቱ ተሸክሞ፣ ከደጁ ተንበርክኮ፣ «ገድዬባችኋለሁ፤ ማሩኝ» አለ። የሟች ሚስት ወንዶቹን ሳትጠብቅ ራሷ ድንጋዩን ከአንገቱ አንሥታ፣ «ተነሣ ወንድሜ፤ የእኔንም የአንተንም ቤት የመታው ጉሙ ነው» አለችው። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ቤተሰቦች በገበያ ሲገናኙ ተሳስመው ይለያዩ ነበር።

ኢንሹራንሱ ለሟች ቤተሰብ የሚገባውን ካሣ ከፍሏል፤ የሚኒባሷን ጥገና ግን ከለከለ። ከሰይድ ጋር ደሴ ድረስ ሄጄ ነበር። የተቀበለችን ወጣት ሠራተኛ ክፉ አልነበረችም፤ ወንበር ስባ አስቀመጠችንና እያዘነች፣ «አባቴ፣ ማን ጥፋቱን እመኑ አልዎት? ያለ ድርጅቱ ፈቃድ ማመን በውሉ ክልክል ነው እኮ» አለችው።

«ታዲያ ለቅሶ ቤት ገብቼ ምን ልበል ልጄ? 'ኩባንያዬን አስፈቅጄ እስክመለስ ድረስ አልቅሱ' ልበል?»

ልጅቷ ልትስቅ ምንም አልቀራት። ቀጥላም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ለሽማግሌዎቹ የሰጠው ቃል እውነት እንዳልሆነ፣ ጥፋቱ የበቅሎዋ እንደሆነ ቢያመለክት ጉዳዩ እንደገና ሊታይ እንደሚችል ነገረችው።

ሰይድ ወረቀቶቹን ሰበሰበ። ከዚያም፣ «ያንን ቃል ከመለስሁ፣ ያ ድንጋይ ወዳነሣችልኝ ሴት አንገት ይሄዳል» ብሎ ተነሣ። እኔ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ቃላትን ስሰካካ የኖርሁ ሰው፣ ከውሉና ከእርቁ መካከል የምታሳልፈው አንዲት ዓረፍተ ነገር ፈልጌ አጣሁለት።

እርሱ ቃሉን ሳያስተባብል ይግባኝ እያለ ሲመላለስ፣ ሚኒባሷ በግቢው ቆማ ዶሮዎች ሲያድሩባት፣ ዘይነባም መምጣቷን ትታ የጅዳ ውሏን አደሰች። ትናንት ማታ ከደሴ ደወለልኝ። «አልሆነም፣ መምህር» አለኝ። እኔ ላጽናናው ሲገባኝ እርሱው አጽናናኝ፦ «አብሽሩ፣ ብረት ነው።»

ከዐስር ሶላት በኋላ ቀበርነው። የአያ ተሾመ ሚስት ከከላላ በኩል ከዘመዶቿ ጋር ለቅሶ ቤቱ መጣች፤ ያችኑ በቅሎ ስባ። የሚያስራት ሰው ቦታ ቢያጣ፣ ከተሰበረችው ሚኒባስ በር ላይ አሰራት። ከቀብሩ በፊት ዘይነባ ከጅዳ በስልክ፣ «እስክመጣ አባቴን አቆዩልኝ» እያለች ትለምን ነበር። አሠሪዎቿም አይለቋት፣ ጀናዛም አይቆይ።

ሰይድ፣ ወንድሜ፤ «ስልኩን ያዙልን» ብለው ለእኔ ሰጡኝ። ቃልህን ተውሼ «አብሽሪ» አልኋት። «ብረት ነው» የሚለውን ግን ማስከተል አልቻልሁም፤ እርሷም ጠበቀች። አንተ ብትሆን የምትላት አታጣም ነበር።

በል ደህና ሁን። የምትደርስበት ደጅ ጉም አይኑርበት። አንገትህንም ቀና አድርገህ ግባ፤ ድንጋዩን የሐዘኑ ባለቤት አንሥታልሃለች።